ካሜራው ወደ ማን ይዙር?

ለእህቴ ለዋጋነሽ፣

ዋጌ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ደመቀ ሥራ እንዴት ይዞታል? ልጆችሽ ሜሪና ዮርዲስ ያንን የማያባራ የበርገን ዝናብ እንዴት ችለውት ይሆን? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ከጥቅምት ብርድ በቀር የጎደለብን የለም። እማዬም ደህና ናት፤ ለጊዜው ካሜራ ሳይመሰክርልኝ በቃሌ ተቀበይኝ።

ይህን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ተውኩት። ስንደዋወል እማዬ ሁልጊዜ አጠገቤ ናት፤ እኔ ደግሞ ስናደድ ድምፄ ከፍ እንደሚል ታውቂያለሽ። ስለዚህ የጎረቤታችን የእትዬ አልማዜ ልጅ ወደ ኖርዌይ ስትመለስ ይዛልሽ እንድትመጣ ጻፍኩት።

የውሃ ፓምፑ ከግቢ ከተሰረቀ ወዲህ የቤት መጠበቂያ ካሜራ ምረጥ ባልሽኝ መሠረት ጦር ኃይሎች ሄጄ ሱቆቹን ሁሉ አዳርሻለሁ። የሻጩን ምላስ ብታዪ! አንዱ የእሱ ዕቃ ዛሬውኑ ካልተገጠመ ነገ ቤቱን ከነጣሪያው ጭነው የሚሄዱ አስመሰለው። ሌላው ደግሞ በየወሩ እየተከፈለው፣ ቢሮ ቁጭ ብሎ ግቢያችንን ቀንና ሌሊት የሚከታተል ድርጅት ነው። ሰው ከገባ ይደውላሉ፣ ጠባቂም ይልካሉ አሉኝ። እኔ መቼ እንደምወጣ፣ እማዬ ብቻዋን የምትሆነው መቼ እንደሆነ አንድ የማላውቀው ሰው ተደላድሎ ተቀምጦ ያያል ማለት ነው። ሌባስ የሚፈልገው ይህንኑ አይደል? እነሱንስ ማን ይጠብቃቸዋል ብዬ ብጠይቅ ሳቁብኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

በስልክ የሚከፈት የበር ቁልፍም አሳዩኝ። ሰው ሲወጣ በሩ በራሱ ይቆለፋል፤ አንቺ እዚያው ሆነሽ መክፈት ትችያለሽ። ይሄኛውን ቁርጥ አድርጌ እምቢ አልኩ። በውጭ በሩ ቀዳዳ የምትንጠለጠለዋን ገመድ ታስታውሻታለሽ? እትዬ አልማዜ ዛሬም ጠዋት ጠዋት እሷን ስበው ነው ገብተው እማዬን የሚጠይቋት። መብራት በጠፋ ቁጥር ደጅ ቆመው በርገን ሊደውሉ ነው? ሰው ሲቀርበው በራሱ የሚበራውን አምፖል ግን ወድጄዋለሁ። ድመት ስታልፍ እንኳ ይበራል፤ እንደኔ ማንንም አያምንም።

በመጨረሻ አንቺ ቁጥሩን የላክሽልኝ ልጅ፣ ራዕይ፣ ሱቅ ገባሁ። ስሜን ገና ስነግረው፣ እህትዎ ደውለውልኛል፣ ሦስቱ ለግቢው አንዱ ለቤት ውስጥ ነው ያሉኝ አለኝ። ክው አልኩ። ለእኔ የነገርሽኝ ሦስት፣ እሱም ለግቢው ብቻ ነው። ስለ ቤት ውስጥ አንድም ቃል አልተነፈስሽም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አንጀቴ አረረ። ፓምፑ የተሰረቀ ቀን እማዬን ሐኪም ቤት ወስጃት ነበር። ስነግርሽ መጀመሪያ ከአፍሽ የወጣው "ቤት ማን ነበር?" የሚል ነው። ያቺ ቃል እስካሁን ከሆዴ አልወጣችም። ቤቱ ያንቺ ነው፣ የሠራሽው አንቺ ነሽ፣ አልክድም። ግን ጋሼ እያለች እጄን ይዛ ትምህርት ቤት የሄደች ልጅ ዛሬ ካሜራ ትደቅንብኛለች? ታክሲ ውስጥ ለብቻዬ ሳጉተመትም ፌርማታዬን አልፌ ወረድኩ።

ራዕይ ግድግዳውን ሊበሳ ሲመጣ፣ የውስጡ የት ነው የሚሆነው፣ ሳሎን ነው ወይስ ቁም ሳጥኑ ፊት ብዬ በነገር ወጋሁት። የእናትዎ መኝታ ቤት፣ ወደ አልጋው የዞረ፣ ድምፅም የሚያስተላልፍ ይሁን ብለዋል አለኝ። ይኼኔ ባሰብኝ። አላበላትም፣ አላጥባትም ብለሽ ጠርጥረሻል ማለት ነው! ግድግዳውን በስቶ ሳይጨርስ ተው ልለው ስል እማዬ ካልጋዋ ላይ ሆና ምንድነው አለች። እኔም በንዴት፣ ልጅሽ በዚህ ልታይሽ ነው፣ ስሚልኝ አልኳት።

ከትራሷ ቀና አለች። ቀኑን ሙሉ ታየኛለች ወይ ብላ ጠየቀች። አዎ ስላት ነጩን ነጠላዋን ከሳጥን አስወጣችኝ፤ ሊጠይቋት የመጡትን እትዬ አልማዜንም ፀጉሬን አበጥሪልኝ አለቻቸው። ያኔ አሰብኩት። ስትደውይ ስልኩን የምይዝላት እኔ ነኝ፤ የምታዪውም የኔን አውራ ጣትና ጣሪያውን ነው። ደክሟታል ብዬ የምዘጋውም እኔው ነኝ። እሷን በደንብ ለማየት ብለሽ ከሆነ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? በአካል ለማታውቂው ልጅ ነግረሽ ለኔ መደበቅሽ አሁንም አልተዋጠልኝም።

ቢሆንም መርጫለሁ። የቢሮዎቹ ተመልካቾች ይቅሩብን። ሦስቱ ለግቢው፣ አምፖሉ ለደጃፉ፣ አንዱ ለእማዬ ይሁን። የይለፍ ቃሉን አንቺ ብቻ ያዢው፤ እኔ ማወቅ አልፈልግም። ሾርባ ሳጠጣት፣ ደግፌ ባኞ ቤት ሳደርሳት እኔንም እይኝ፤ ምንም የምደብቅሽ የለኝም።

ለደመቀ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ሜሪንና ዮርዲን ግጥም አድርገሽ ሳሚልኝ። እትዬ አልማዜ አለመጥፋትሽን እንጂ ካሜራሽን አልፈለግንም ብለውሻል። እማዬ ደግሞ ትራሷን ተደግፋ፣ ራዕይ ከበሳው ቀዳዳ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ዕቃው የሚገጠመው ገና ሳምንት ነው ብላት አትሰማኝም። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ግድግዳውን ትክ ብላ እያየች፣ "ዋጌ፣ ከስተሻል ልጄ" አለች። ካሜራው አንቺን እንደማያሳያት እኔ ልነግራት አልቻልኩም። አንቺው ንገሪያት።

ወንድምሽ መዝገቡ

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.