ለደወሉ ያልዞረችው ልጃችን

ውድ ባለቤቴ፣

ትናንት ረፋድ ላይ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከልጃችን ጀርባ ቆማ ትንሽ ደወል አቃጨለች። ልጃችን አልዞረችም።

ሁለተኛ አቃጨለች፤ በቀኝ ጆሮዋ በኩል። አሁንም አልዞረችም። በሦስተኛው፣ በግራ በኩል ሲሆን፣ ጭንቅላቷን ትንሽ ዘንበል አደረገች። ደወሉን ሰምታ ይሁን የነርሷ ጋውን ውልብ ሲል አይታ፣ ነርሷም እኔም እርግጠኛ አይደለንም። እናትሽ ብቻ እርግጠኛ ነበሩ። «ሰምታለች! ኩራት ይዟት ነው እንጂ ሰምታለች» አሉ።

ይህን በስልክ ልነግርሽ አልፈለግሁም። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥተሽ፣ ግማሹን ቃል ነፋስ እየወሰደብሽ፣ «ምን? ምን አልክ?» እያልሽ የምትሰሚው ነገር አይደለም። ደብዳቤውን ነገ ጠዋት ለመንገድ ሥራ ካምፓችሁ ዕቃ ለሚያመላልሰው ሾፌር እሰጠዋለሁ። እሑድ እጅሽ ይገባል ብሎኛል።

ነርሷ ከእኛ ትንሽ የምትበልጥ ናት። «ምን ምን ድምፅ ታወጣለች? ባባባ፣ ዳዳዳ ትላለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ደብተሬን አወጣሁ። ደብተሬን ታውቂዋለሽ። ክብደቷ፣ የጠጣችው ወተት፣ የተኛችው ሰዓት፣ የመጀመሪያው ጥርስ የወጣበት ቀን፣ ሁሉም አለ። ነርሷ ገጾቹን እያገላበጠች አየችና «ጎበዝ አባት ነህ» አለችኝ። ቀጥላም «ግን ስለ ድምፅ አንድ መስመር የለበትም። ለመሆኑ ቤት ውስጥ የሚያወራት ማነው?» አለች።

እኔ እናትሽን አየሁ። እናትሽ እኔን አዩኝ።

ቤታችን ምን ያህል ጸጥ እንዳለ አታውቂም፤ አንቺ ስትሄጂ ገና መጀመሩ ነበር። የዛሬ ስድስት ወር፣ ሻንጣሽን ይዘሽ በሩ ላይ ቆመሽ «እማ፣ ቀን ካልተኛ ይወድቃል፤ ቤቱን ጸጥ አድርጊልኝ» አልሻቸው። ከጋዜጣው የሌሊት እርማት ሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ራሴን ስቼ የወደቅሁበት ሳምንት ስለነበር እውነትሽን ነው። እናትሽ ደግሞ አደራ ከተባሉ እስከ ጥግ ነው የሚሄዱት። የበሩን ደወል ነቀሉ። ማጠፊያዎቹን ዘይት ቀቡ። ከየድስቱ ክዳን ሥር ጨርቅ አደረጉ። ከሬዲዮው ባትሪውን አውጥተው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። እህቴ ያመጣችላትን፣ ሲነቀንቁት የሚንሿሿውን መጫወቻ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀሉት። ልጅቷ ድምፅ ልታሰማ አፏን ስትከፍት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጉና «እሽሽ፣ አባባ ተኝቷል» ብለው ያዝሏታል። ዝም ትላለች።

ሁሉም አመሰገናት። ከታች ያለችው ልብስ ሰፊ በመጣች ቁጥር «ኧረ እዚህ ቤት ልጅ አለ ወይስ የለም? እንዲህ ያለች ጨዋ!» ትላለች። እናትሽ ይኮራሉ። እኔም እኮራ ነበር። አንቺም በስልኩ በኩል ትንፋሿን ብቻ ስትሰሚ «እንደ አባቷ አራሚ ልትሆን ነው፤ ሌላው ይናገራል፣ እሷ ታርማለች» ብለሽ ስቀሻል። ሦስታችንም ስቀናል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ልጅቷን የምይዝበት የእኔ ሰዓት ነው። ታዲያ አላወራትም። ሌሊቱን ሙሉ የሰው ስህተት ስለቅም አድሬ፣ ስነቃ አፌ ውስጥ የሚቀር ቃል የለም። አቅፋታለሁ፤ በመስኮቱ በኩል ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ዳይፐሯን የምቀይርላት ገጽ እንደማሳልፍ ነው፦ ማየት፣ ማስተካከል፣ ወደ ቀጣዩ። አንድ ቀን እንኳ «አሁን እግርሽን ላነሳ ነው፤ ይቺ እግርሽ ናት፤ ቀዘቀዘሽ አይደል?» ብያት አላውቅም። ነርሷ ይህንኑ ስነግራት አልተቆጣችም። «ወሬ የሚጀመረው እዚያ ነው። ትናገራለህ፤ ታይሃለች፤ ትጠብቃታለህ፤ በተራዋ የሆነ ነገር ትልሃለች። ተራዋን ሳትሰጧት ቆይታችኋል» አለችኝ።

ጆሮዋ ነው ወይስ እኛ ነን? ብዬ ጠየቅኋት። «እሱን መሣሪያ ይለየዋል» አለች።

አሁን ደግሞ ስለ አንቺ። ሦስት ወር ሙሉ ዋጥ አድርጌው የቆየሁት ነው።

በሰባት ወሯ መጥተሽ ነበር፤ ለአምስት ቀን። ልጅቷ አየችሽና ፊቷን እናትሽ ትከሻ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። አንቺ «ውይ፣ እንግዳ ሆንኩባት» ብለሽ ሳቅሽና ወደ ማዕድ ቤት ገብተሽ የታጠቡ ብርጭቆዎችን እንደገና አጠብሽ። በሦስተኛው ቀን «ከሥራ ተጠራሁ» ብለሽ ሄድሽ። አልተጠራሽም። ስልክሽ ያን ቀን ሙሉ እኔ ዘንድ ቻርጅ ላይ ነበር።

ለነርሷ ይህንንም ነገርኳት። «በዚያ ዕድሜ እንግዳ መፍራት የጤና ነው፤ የራሷን ሰው መለየት ጀምራለች ማለት ነው። እናትየዋ ከአጠገቧ ሳትርቅ ቁጭ ብትል ኖሮ ሁለት ሦስት ቀን ቢፈጅ ነው» አለች። ቀሪዎቹን ሁለት ቀኖች አሰብኳቸው። አውቶቡስ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ በአንቺ ተናደድኩ። ስንወርድ ደግሞ በራሴ። በመንገድ ቅየሳ ሥራሽ አንዲት ስንዝር ስህተት የማታልፊ ሴት ከገዛ ቤትሽ ሸሽተሽ ስትወጪ እያየሁ፣ «ቆይ» ማለት አቅቶኝ ሻንጣሽን ተሸክሜ ሸኘሁሽ።

ቤት እንደገባን እናትሽ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ወረወሩ። በስድስት ወር ውስጥ በዚህ ቤት የተሰማ ትልቁ ድምፅ እሱ ነው።

«እኔ ስድስት ልጅ አሳድጌያለሁ! አንዱም ደወል አልተደወለለትም!»

«እማማ፣ ስድስቱ እርስ በርሳቸው እየተንጫጩ ነዋ ያደጉት።»

ትንሽ አሰቡ። «እሱስ እውነት ነው። ሚስትህማ በተለይ! በጩኸቷ ተከራይ ያስለቀቀች ናት።» ለመሳቅ ሞከሩና ተዉት። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥተው መጫወቻውን ከቁም ሣጥኑ አወረዱ። አቧራውን በቀሚሳቸው ጠርገው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። አልነቀነቁትም። «ለአንተ ብዬ እኮ ነው» አሉኝ። እውነት ነው። ለእኔ ብለው ነው። አንቺም ለእኔ ብለሽ ነው። አንድም ክፉ ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ ይህ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። የምጮህበት ሰው አጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ከሥራ ስገባ አልተኛሁም። ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌ በሆዷ አስተኛኋትና ፊት ለፊቷ ተጋደምኩ። የማወራላት ነገር ግን አጣሁ። ሃያ ዓመት ከቃል ጋር የሠራ ሰው ለአሥር ወር ልጅ የሚለው አጥቶ ቦርሳውን ሲበረብር አስቢው። ያገኘሁት የዛሬውን የማረሚያ ወረቀት ነው። የጨረታ ማስታወቂያ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፦ «ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ባሉበት ሁኔታ ለመሸጥ ስለሚፈለግ...» አፌን ትክ ብላ አየችው።

እናትሽ ከማዕድ ቤት «ለልጅ የሚነበብ ጠፍቶ ነው መኪና የምትሸጥላት?» አሉ።

«ይግዙ እማማ፤ ባለበት ሁኔታ ነው።»

እየሳቁ ክዳን ከእጃቸው አመለጣቸው። ጨርቆቹን ትናንት ማታ አንስተዋቸው ስለነበር ክዳኑ ሲሚንቶው ላይ እየተሽከረከረ ቤቱን አናጋው። እኔ ልጅቷን ብቻ ነበር የማየው። ዓይኗን አርገበገበች መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምልሽ፤ አልምልም። በዚያው ቅጽበት እናትሽ በሩ ላይ ብቅ ብለው፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣

«እሽሽ! አባባ ተኝቷል!» አሉ።

አባባ ወለሉ ላይ ዓይኑን አፍጥጦ እያያቸው ነበር። እናትሽ የገዛ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

ያኔ ልጃችን ከንፈሯን አሞጠሞጠች። ለሃጯ አገጯ ላይ እየወረደ፣ ጥርት ባለ ድምፅ «እሽሽ» አለች። ቆይታም ደገመችው። «እሽሽ።»

«ሰማች! አላልኩህም? ሰማች!» እናትሽ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

እኔ አላወቅሁም። ዓይኗ እናትሽ ፊት ላይ ነበር፤ ከንፈራቸውን አይታ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ለነርሷ ደወልኩላት። «ጥሩ ምልክት ነው፤ መልስ ግን አይደለም» አለችኝ። ካልሰማች፣ አሥር ወር ሙሉ ሳናውቅላት ቆይተናል። ከሰማች ደግሞ፣ ከእኛ ሰምታ የያዘችው የመጀመሪያ ነገር «ዝም በይ» የሚለው ነው። የትኛው የበለጠ እንደሚያናድደኝ እስካሁን አልለየሁም።

አለቃዬን ወደ ቀን ሥራ እንዲያዛውረኝ ጠይቄዋለሁ። የጠፋ ነጠላ ሰረዝ ስለማላልፍ ባወጣልኝ ስም «ኮማ፣ ቀን ላይ ምን ልታርም ነው? ምሳ?» ብሎ አሾፈብኝ። መልሱን ረቡዕ እሰጥሃለሁ ብሏል። ምንም ይበል ምን፣ ከእንግዲህ ለእኔ እንቅልፍ ተብሎ ቤት ውስጥ ዝም የሚል ሰው የለም። እናትሽ ሬዲዮውን ባትሪ አጉርሰውት፣ ይህን ስጽፍ ከዜናው ጋር እየተጨቃጨቁ ነው። ልጅቷን አዝለዋት «ሰማሽው ይሄን ቀጣፊ?» ይሏታል። ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቋታል። ተራዋን እየሰጧት ነው።

የጆሮ ምርመራው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ሐኪሙ እናትና አባት አብረው ቢመጡ ይመርጣል፤ በሁለቱም ወገን የመስማት ችግር ያለበት ዘመድ መኖሩን ይጠይቃል ተብሏል። ከካምፓችሁ የሚነሳው አውቶቡስ ማክሰኞ ንጋት ላይ ነው። ያን ጊዜ «ቆይ» አላልኩሽም። አሁን ግን እላለሁ፦ ነይ። አይታሽ ካለቀሰች ወደ ማዕድ ቤት አትግቢ። ብርጭቆዎቹ ንጹሕ ናቸው። አጠገቧ ቁጭ በይና ያቺን ተከራይ ያስለቀቀች ድምፅሽን አሰሚያት።

የበሩን ደወል መልሼ ገጥሜዋለሁ። ማክሰኞ ማታ ስትደርሺ ቁልፍ ቢኖርሽም ደውዪው፤ ረዘም አድርገሽ። እኔ ከውስጥ ልጅቷን ይዣት ፊቷን አያለሁ።

ከሐሙስ በፊት እንድትደርሺ የሚጠብቅሽ፣
ኮማ