ለሥልጠና የተተከለው የእድራችን ድንኳን

ለተከበሩ የጦርነት ሕግ ማስተማሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ሥልጠናዎ የማይቋረጥ፣ ሰላምዎም ከሚያስተምሩት ሕግ የበለጠ የሚከበር እንዲሆን እንመኛለን። እኛ ከአዳማ ሙቀትና አቧራ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን።

በሰኔ የበጀት መዝጊያ የከተማችን ሆቴሎች በስብሰባ ተጨናንቀው አዳራሽ በጠፋ ጊዜ፣ ስለ ምርኮኞችና ስለ ሙታን አያያዝ የሚሰጠውን ሥልጠና በሆቴል ግቢ ለማካሄድ የሰፈራችንን እድር ድንኳን ስለ መረጡ ከልብ እናመሰግናለን። ድንኳናችን ከለቅሶ ሌላ ቁም ነገር ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ቅር ያሰኙንን ጥቂት ነገሮች ግን በትሕትና እናቀርባለን።

አንደኛ፦ ድንኳኑ በማለዳ በጋሪ ሲጫን ጎረቤታችን ወይዘሮ ውዴ አዩት። ልጃቸው ኤባ ወታደር ሆኖ ከዘመተ ወዲህ፣ ጦርነቱ አበቃ ከተባለም በኋላ፣ «ሞቷል» ወይም «ተማርኳል» የሚል ሰው ደጃቸውን አልረገጠም። በእኛ ዘንድ መርዶ ሳይነገር ድንኳን አይተከልም፤ ድንኳን ሳይተከልም ወግ ያለው ለቅሶ የለም። ስለዚህ መርዶ ነጋሪዎቹ ከኋላ እየመጡ ነው ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራቸው ላይ ቆሙ። ጋሪ ነጂው መርዳሳ «እማማ፣ የእርስዎ አይደለም፤ የስብሰባ ነው» ሲላቸው ፊታቸው ላይ ያየነው እፎይታ ይሁን ሐዘን እስካሁን አልለየንም። ነጠላቸውን ግን ቶሎ አልመለሱትም።

ሁለተኛ፦ ወይዘሮ ውዴ ስብሰባው ስለ ምን እንደ ሆነ ሲሰሙ፣ «የሕጉ ባለቤቶች ከመጡማ ልጄን ይጠይቁልኛል» ብለው የኤባን ፎቶግራፍ ይዘው ሆቴሉ ደጃፍ ደረሱ። ባጅ ስለሌላቸው ጥበቃው በታላቅ አክብሮት መለሳቸው። ሕጉ ሰላማዊ ሰው ከተዋጊ ይለይ ይላል አሉ፤ እናንተ ደግሞ ሰላማዊውን ከሠልጣኝ በመለየት ሕጉን አንድ እርምጃ ስላራመዳችሁት ምስጋናችን ይድረሳችሁ።

ሦስተኛው ጥያቄ ነው። አንድ ሠልጣኝ እንደ ነገረን፣ ተዋጊ ወገን የማረከውን ሰው ስም እንዲያስታውቅ፣ የሞተውንም መዝግቦ ለወገኑ እንዲያሳውቅ መንግሥታት ከተስማሙ ብዙ ዘመን ሆኗል። እንግዲያው ዓለምም እንደ እኛ መርዶ የመንገር ግዴታ አለበት ማለት ነው። በሰፈራችን መርዶ መንገር የሚወድ ሰው የለም፤ እያወቀ የደበቀ ግን ከሰው አይቆጠርም። በእናንተ ዘንድ የደበቀ መንግሥት ምን ይደረጋል? «ሥልጠና ይሰጠዋል» ቢሉን አንገረምም።

ክቡር ሆይ፣ ሕጉን ንቀን እንዳይመስልዎ። ወይዘሮ ውዴ ፎቶግራፉን ይዘው የወጡት ሕጉን ስላመኑት ነው። እኛን ያሳዘነን ይኸው ማመናቸው ነው። ልጁ ካለ እሰየው፤ ከሌለም ድንኳኑ ታጥቦ፣ ታጥፎ ተቀምጧል። የቀረው አንድ ቃል ነው፤ ያን ቃል የሚያውቅ ሰው ደግሞ በሥልጠናችሁ ላይ ተቀምጦ እንዳልነበረ ማረጋገጫ የለንም።

ሻይ እረፍትዎ እንዳይጓደል፣ የምስክር ወረቀትዎም እንዲበዛ እየተመኘን፣ ወንበሮቻችንን ሳይሰበሩ ስለ መለሱልን ደግመን እጅ እንነሣለን።

ልዑልሰገድ ተክለሃይማኖት
የእድሩ ዳኛ፣ አዳማ

ማስታወሻ፦ «ቤተሰብ የጠፋ ዘመዱን ዕጣ የማወቅ መብት አለው» የሚለውን ባነር ድንኳኑ ላይ ረስታችሁ ሄዳችኋል። ልንመልስላችሁ ስንል ወይዘሮ ውዴ ለምነው ወሰዱት፤ አሁን በራቸው ላይ ተሰቅሏል። መርዶ ነጋሪው የመጣ ዕለት ቤቱ እንዳይጠፋበት ነው።