ከግቢው ሲሚንቶ ሥር የቀረው አፈር

እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታችንና ከቸርቻሪ እናታችን በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። በዳዴ ሲሄዱ አፈር እየቃሙ ስላስቸገሩ እናታችን በሩን በሳንቃ ጋርደው አሳደጓቸው። ከዚያ ወዲህ የከለከላቸው በር አልነበረም።

በ1961 ዓ.ም. አባታችንን መርፌ ጣታቸውን ወጋቸው። ቁስሉ አመረቀዘ፤ የተሰጣቸው መድኃኒት ሁሉ እምቢ አለና ሞቱ። ያኔ ተማሪ የነበሩትን እህታችንን የያዛቸው እረፍት ማጣት ዳግመኛ አልለቀቃቸውም።

በ1969 ዓ.ም. በባዮሎጂ ተመርቀው ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። ሥራቸው ሌላውን ጀርም የሚገድል መድኃኒት የሚያመነጩ ባክቴሪያዎችን ከአፈር ውስጥ መፈለግ ነበር። ማንኪያ ከቦርሳቸው አይጠፋም፤ ሠርግ ቢጠሩ ሙሽሮቹ ሳይገቡ እሳቸው ጓሮ ናቸው። የሰፈር ልጆች «እትዬ ማንኪያ» አሏቸው። እናታችንም «አፈር ስሆን፣ አንዴ እንኳ ቁጭ በይ!» እያሉ ለምነው ለምነው ተዉት።

በ1974 ዓ.ም. ግንበኛ ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። በ1988 ዓ.ም. ከገዛ ግቢያቸው፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ባነሱት አፈር ውስጥ፣ አጠገቡ ጀርም ድርሽ የማይልበት ባክቴሪያ አገኙ። ብዙም ሳይቆይ የላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ባክቴሪያው ሞተባቸው። እንደገና ሊዝቁ ወደ ቤት ቢበሩ፣ ባለቤታቸው የሚስታቸውን እግር ጭቃ እንዳይነካው ብለው፣ በድንገት ሊያስደስቷቸው፣ ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ አልብሰው ጠበቋቸው። እህታችን አመሰገኑ፤ ስላጡት ነገር ትንፍሽ አላሉም። ከዚያ በኋላ ያን ባክቴሪያ ያልፈለጉበት ወንዝ ዳር፣ ያልጫሩት ጓሮ የለም። ምን እንደሚያቅበዘብዛቸው አናውቅም ነበርና እንስቅባቸው ነበር።

የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ሲያውላቸው ግን ነገሩን ለባለቤታቸው አወጡት። ባለቤታቸውም በዚያ ዕድሜያቸው ዲጂኖ አንስተው የገዛ እጃቸውን ሥራ ሰበሩ። ባለፈው ቅዳሜ አፈሩን በዚያው ማንኪያ ዝቀው ላቦራቶሪ አደረሱ። እህታችን «በቀለልኝ?» እያሉ ነርሷን ሲያስጨንቁ ሰንብተው፣ ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በ70 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። አፈሩ የተዘራበት የላቦራቶሪው ሳህን የሚታየው የፊታችን ዓርብ ነው።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ይህን የጻፍኩትን ታናሽ ወንድማቸውን ጥለውን ሄደዋል። ፈጣሪ ለነፍሳቸው ያን ያጡትን እረፍት ይስጥልን። ግንበኛው ባለቤታቸው በመቃብራቸው ላይ ሲሚንቶ እንዳይፈስ ሁላችንንም አደራ ብለዋል። አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው።