የኢክራ ዘይት

ልጄ ሱሀይል፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አንተና ሚስትህ ከትንሿ ልጃችሁ ከኢክራ ጋር አዲሱን ቤት እንዴት ለመዳችሁት? እኛ ዲላ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን።

ኢክራን ለሚጥላት በሽታ ያሻላል የተባለው የሐሺሽ ዘይት ወደተፈቀደበት ሌላ የአሜሪካ ግዛት መዛወራችሁን ስሰማ ግራ ገባኝ። በአንድ አገር እዚህ መድኃኒት፣ እዚያ ወንጀል እንዴት ይሆናል? ከወርቃ ቡና የሚጭነው አባትህ ግን ወዲያው ገባው። «እንደ ቡና ነው፤ ያለ ወረቀት ኬላ ካለፈ ያው ቡና ኮንትሮባንድ ይባላል» አለኝ። እኔ ግን ለጎረቤት «የሄዱት ለሥራ ነው» አልኩ።

ዘይቱ በቀን ስንት ጠብታ ነው? ሰው በሻንጣው ይዞት ቢመጣ ይሸታል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ኢክራ በሽታው ሲጀምራት አንድ ቦታ ላይ ታፈጥ ነበር ወይ? እህትህ ሱመይራ ባለፈው ሳምንት ሱቃችን ውስጥ ስኳር እየመዘነች፣ መስፈሪያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ገዢዋ ሦስቴ ብትጠራትም አልሰማችም። ገዢዋን «የጾም ድካም ነው» አልኳት። ይህን በስልክ ያላነሳሁት ሱመይራ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው።

አላህ ለሁላችሁም ዓፊያውን ያብዛላችሁ።

እናትህ መሪማ

ደብዳቤውን ካጠፍኩት በኋላ ትዝ አለኝ፤ ረመዳን ከወጣ ሁለት ወር አልፎታል።