ዶክተር ክሬም እና ያልተጠየቀው ክንድ

ወዳጅ ዘመድ «ዶክተር ክሬም» እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1940 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው የሰው ልጅ ሲያዋልዱ ውለው፣ ሲመሽ እሳቸውን ተገላገሉ። ነገር ካልገባቸው እህል የማይወርድላቸው ልጅ ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. በሕክምና ተመርቀው የሆስፒታል ደም ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ ጀመሩ፤ በ1968 ዓ.ም. ልብስ ሰፊዋን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

በ1972 ዓ.ም. ሄፓሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ማጥናት ያዙ። ቅባት የበላ ሰው ቀዩ ደሙ ሲዘቅጥ ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ወተት ይመስላል፤ መድኃኒቱ ያንን ያጠራል የሚል ጽሑፍ አንብበው በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ካለ ደም ላይ ቢጨምሩት፣ ቢጨምሩት፣ ወይ ፍንክች! ለካ የሚሠራው ሕይወት ባለው ሰው ውስጥ ነው፤ ስብ የሚሰባብረውን ኢንዛይም ከደም ሥር ግድግዳ አላቅቆ ይለቀዋል። ቅባት የሞላበት የወተት ክሬም ጠጥቶ ክንዱን የሚሰጥ ሰው አስፈለገ። የላብራቶሪው ቴክኒሺያን ብድግ አለች፤ አንድ ብርጭቆ ክሬም ጨልጣ በዶክተሩ እጅ መድኃኒቱን ተወጋች። ወተት የመሰለው ደሟ ጠራ።

ያን ዕለት እራት ላይ ዶክተሩ የደሟን ጥራት እያነሱ ሲጥሉ ባለቤታቸው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «የሰው ሴት ደም እየተመሰገነ እራት ይበላል እንዴ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ቅናት እንደ ደባል ቤታቸው ገባ። ቴክኒሺያኗ ቀሚስ ልታሰፋ ብትመጣ፣ ባለቤታቸው ክንዷን አይተው እጅጌውን ሆን ብለው አጠበቡባት። እኛ ዘመዶቻቸው ብንስቅም እሳቸው ውስጣቸው ይቃጠል ነበር። ባላቸውን ግን አንድም ቀን አልጠየቁም።

በ2015 ዓ.ም. ዶክተሩ እግራቸው ውስጥ ደም ረግቶባቸው ተኙ፤ ያንኑ መድኃኒት ተወጉ። ቴክኒሺያኗ ልትጠይቃቸው መጥታ ስትወጣ የባለቤታቸው ትዕግሥት አለቀ፤ «የኔ ክንድ ምን ጎደለውና ነው ያልጠየቅከኝ?» አሉ።

«መድኃኒቱ መጠኑ ካለፈ ደም አልቆም ይላል» አሉ ዶክተሩ። «አንቺን ለመውጋት እጄ አይታዘዘኝም ነበር።»

«ታዲያ ይሄን ለመናገር እስክትታመም መጠበቅ ነበረብህ?» ብለው ባለቤታቸው እየተቆጡ አለቀሱ።

ወንድማችን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውንና የሥራ ባልደረባቸውን ቴክኒሺያኗን በሐዘን ትተው ሄደዋል። የባልደረባቸው እዚህ የሐዘንተኞች ዝርዝር ውስጥ መግባት የባለቤታቸው ትእዛዝ ነው፤ «እሷንም አስገቧት፤ ግን ከልጆቹ ኋላ» ብለዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያኑርልን፤ ለባለቤታቸውም መጽናናትን ይስጥልን።