ያልተፈታው እጥፋት

ይድረስ ለምወድሽ እታለሜ፣

ሰላምታዬ ቀድሞኝ ከደጅሽ ይድረስ። እኛ ተመስገን፣ አለን። ሥራም አልጠፋም፤ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ከረምኩ።

የላክሽው ከረሜላ ደርሶ ለጎረቤት ልጆች አደልኩት። እንዳትቀየሚኝ፤ ሐኪሙ «ስኳር፣ ማርና ፍራፍሬ ጉበቷን ይጎዳዋል፤ አብሯት የተወለደ ሕመም ነው» ካለ ወዲህ ለሚጢጢዬ የማበስላት ሩዝና እንቁላል ነው፤ ወተቷንም ያለ ስኳር ትጠጣለች። እማዬን ግን ታውቂያት የለ? «ማር የሚጎዳው ልጅ የት አገር ታየ?» ብላ እኔ ገበያ ስወጣ ለሳሏ አላሰቻት። ልጅቱ «አያቴ፣ ያመኛል እኮ» ብትላት «በእኔ ይሁን፣ ላሺ» አለቻት። ይኸው ከዚያ ወዲህ እማዬ ማንኪያ የሚባል ነገር አትነካም፤ እዚህ ሆስፒታል ከአልጋው ግርጌ ቁጭ ብላ የልጅቱን እግር ስታሻሽ ትውላለች።

ነርሷ ደግ ናት፤ ይህንንም የምጽፍልሽ እሷ ባመጣችልኝ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ሚጢጢ ዓይኗ ትንሽ ቢጫ አለ እንጂ ዛሬ ጠዋት ገልጣው «አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው?» ብላኛለች።

የቀሚሷን ልክ ጠይቀሽኝ ነበር። ታውቂያለሽ፣ ልጅ ያድጋል ብዬ ሁልጊዜ ከታች አራት ጣት አትርፌ አጥፌ ነው የምሰፋላት፤ ስትረዝም እፈታዋለሁ። ዘንድሮ ግን እጥፋቱን ሳልነካው ጎኑን ሁለቴ አጠበብኩት። እና እታለሜ፣ ቀሚሱን ለጊዜው አትግዢ። ልብሱ ይቆይ፤ አንቺ ግን አትቆዪ።

በደህና ያገናኘን።

ታናሽሽ