ከታሪክዎ የቆረጥኩት አንቀጽ

ውድ ጋሼ፣

ይህ አራተኛ ሙከራዬ ነው። ሦስቱን ደብዳቤዎች ቀድጄ ጥያቸዋለሁ፤ ሁሉም ከአንገት በላይ ሆኑብኝ። ዛሬ ለማሳመር አቅም የለኝም፣ ድክም ብሎኛል። ምናልባት የሚሻለው ይሄኛው ይሆናል።

ስልኬን ማንሳት ካቆሙ ሁለት ወር ሆነ። ከማኅበሩም የወጡት በዚያው ሰሞን ነው። አባላቱ “ጋሼ ጥገና የት ጠፉ?” ሲሉኝ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ “ትንሽ አሟቸዋል” እላለሁ። አላመመዎትም። ያሳመምኩዎት እኔ ነኝ።

ቤትዎ የመጣሁበትን ቀን አልረሳውም። በማኅበራችን የላቦራቶሪ መሣሪያ በእጁ የሚሠራ ሰው ንድፉን ለፈለገ ሁሉ በነጻ ይሰጣል፤ የእኔ ሥራ ደግሞ የሠሪዎቹን ታሪክ እየሰበሰብኩ በድረ ገጻችን ማውጣት ነው። እርስዎ ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል መሣሪያ ሲጠግኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ከተጣለ ፍሪጅና ከአንድ አምፖል የውሃ መመርመሪያ ማሞቂያ ሳጥን ሠርተዋል። ውሃው የጀርም ምግብ ባለበት ሳህን ላይ ሆኖ በሠላሳ ሰባት ዲግሪ ያድራል፤ በማግስቱ ነጠብጣብ ካበቀለ ጀርም አለበት፣ ካላበቀለ ንጹህ ነው። ባለቤትዎ በበሩ ብቅ ብለው “ይሄ ሰውዬ እኮ ያረጀው ከእኔ ጋር አይደለም፣ ከቴርሞሜትር ጋር ነው” ሲሉ ሁላችንም ሳቅን።

እርስዎ ግን ወደ መቅጃዬ ጠጋ አሉ። “መቅጃሽ እየሠራ ነው? ይሄኛው እንዳያመልጥሽ” አሉኝ።

ቴርሞሜትሩ የተበላሸ እንደነበር ነገሩኝ። ሠላሳ ሰባት እያለ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሃያ ስምንት ብቻ ነው። ጀርሞቹ በዚያ ዝቅተኛ ሙቀት ቶሎ ስለማያድጉ ሳህኑ ንጹህ ይመስላል። ድንገት በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ነክረው ሲያዩት፣ ዜሮ ማለት ሲገባው ዘጠኝ አለ። “አንድ ዓመት ሙሉ! የጎረቤቱን በር እያንኳኳሁ ውሃችሁ ንጹህ ነው ብያለሁ” አሉኝ። ያን ጊዜ ባለቤትዎ ቀስ ብለው ከክፍሉ ወጡ።

ያንን ነው የቆረጥኩት። ለምን? አንደኛ፣ ወድጄዎት ነበር፤ ስምዎ በክፉ እንዳይነሳ ሰጋሁ። ሁለተኛውን ለመናገር አፍራለሁ፦ በዚያ ወር ብቻ ስድስተኛው ታሪክ ነበር፣ ታክቶኝ ነበር፣ ደግሞም ቆንጆ ነገር ማውጣት አምሮኝ ነበር። በስብሰባችን እያንዳንዱ አባል የሠራውን ከማሳየቱ በፊት ያቃጠለውን ወይም የሰበረውን እንዲያሳይ ደንብ ያወጣነው እኛው ነን። እኔ ግን በእርስዎ ታሪክ ላይ “የማይሳሳቱ እጆች” የሚል ርዕስ ሰጠሁበት። አንባቢው ሁሉ ወደደው።

አንዲት የሳይንስ መምህርትም ወደደችው። ሳጥኑን ከገጻችን እያየች ሠራች፣ የትምህርት ቤቷን ጉድጓድ ውሃ መረመረችና ንጹህ ነው ብላ ለወላጆች ነገረች። በሁለት ሳምንት ውስጥ አርባ ልጆች ተቅማጥ ያዛቸው፤ ሁለቱ ሆስፒታል ተኙ። ተመስገን፣ ሁሉም ድነዋል። የእሷም ቴርሞሜትር እንደ እርስዎው የተበላሸ ነበር።

ይህን ሰምተው ሲደውሉልኝ አልጮኹብኝም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

“ልጄ፣ ሌላውን ሁሉ ትተሽ ያቺን ብቻ ብታወጪ ይበቃኝ ነበር። ስህተቴን ለምን ወሰድሽብኝ?”

“ለስምዎ ብዬ ነው፣ ጋሼ።”

“ስሜን አደራ ያለሽ ማን ነው?” አሉና ዘጉት።

ያን ቀን የተናገሩትን ዛሬ ጠዋት ቃል በቃል ገጻችን ላይ መልሼ አስገብቻለሁ። የቆረጥኩት እኔ መሆኔንም ከነምክንያቱ ጽፌያለሁ። አባላቱ ምን እንደሚሉኝ ገና አላየሁም፣ ለማየትም ጉልበት የለኝም። ይቅርታ የምጠይቅዎትም እንዲመልሱልኝ ብዬ አይደለም።

የጻፍኩልዎት ለሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት መምህርቷ ደወለችልኝ። “ንድፉን ያወጡት ሰውዬ ይሄ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም?” አለችኝ። እንደ ልማዴ ልሸሽ ነበር፤ አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን “እኔ እኮ ይሄ የደረሰው በእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር” አለችኝ። ሳጥኑን ልጆቹ ከታመሙ ወዲህ ነክታው አታውቅም። ልጆቹ ፊት መቆም ስላቃታት የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ጽፋለች፤ አርብ ታስገባለች።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። “ታዲያ እሳቸው ጎረቤቶቻቸውን ካሳሳቱ በኋላ፣ የሳጥኑን በር ለመጀመሪያ ጊዜ እንደገና የከፈቱት እንዴት ነው?”

ጋሼ፣ ያን ቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ ከፊትዎ ተቀምጬ ስለ አምፖሉና ስለ ሽቦው ስጠይቅዎት ይህን ግን አልጠየቅሁዎትም።

ስልክ ቁጥርዎን ሳላስፈቅድዎ ሰጥቻታለሁ። ሐሙስ ከክፍል ስትወጣ ትደውላለች። የእኔን አያንሱ። የእሷን ግን ያንሱላት።

ታሪክ ሰብሳቢዋ